ባዶ የተመለሰችው ጀልባ

የክበባት ዘገባ፦ የዓሣ መዝገብ ክበብ

መስከረም ላይ ስንጀምር 14 ተማሪዎች ተመዘገቡ። ሰኔ ላይ 11 ነን። በእኔ እምነት ይህ ጥሩ ቁጥር ነው። ሥራችን ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል ጣና ዳር መገኘት ነበርና። ቅዳሜ ጠዋት የ10ኛ ክፍል ልጅ ከአልጋ ማስነሳት ምን ማለት እንደሆነ ወላጆች ታውቁታላችሁ። እነዚህ 11 ልጆች ግን ዓመቱን ሙሉ መጥተዋል። ላመሰግናቸው የምፈልገው ከሁሉም በፊት ነው።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ማታ መረብ ይጥላሉ። መረቡ ውሃ ውስጥ ያድራል። ጠዋት አንስተው ሲመለሱ እኛ ወደቡ ላይ ቆመን እንጠብቃለን። ዓሣውን እንመዝናለን፣ በዓይነት እንለያለን፣ እንጽፋለን። በወሩ መጨረሻ ደግሞ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን የጻፍነው ቁጥር ምን እንደሚል እንከራከራለን። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ክበቡን አብረውኝ የመሩት የባዮሎጂ መምህርታችን ናቸው። ዓሣውን እሳቸው ያውቃሉ፣ ቁጥሩን እኔ፤ ሐይቁን የሚያውቁት ግን አጥማጆቹ ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ደብተርና እስክሪብቶ የያዘ ሰው ወደብ ላይ አይወደድም። «ይሄ ለግብር ነው?» አሉን። «ነገ መረባችንን ልትቀሙን ነው?» ያሉም አሉ። ተማሪዎቹን ሰብስቤ አንድ ነገር ተስማማን። የማንም ስም አይጻፍም። ጀልባዎቹ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተብለው ይጠራሉ። የትኛዋ ጀልባ የትኛው ፊደል እንደሆነች ከክበቡ ውጪ ማንም አያውቅም። ይህን ለአጥማጆቹ ስንነግራቸው አንድ በዕድሜ የገፉ አባት ደብተሩን ከተማሪዋ እጅ ተቀብለው አገላብጠው አዩት። «ከጻፋችሁ አይቀር በደንብ ጻፉ፣ ልጆቼ» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ «ጋሼ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ጀልባቸው ስትመጣ መጀመሪያ የሚጠሩት እኛን ነው።

በደንብ መጻፍ ምን ማለት እንደሆነ የተማርነው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ሳፋው አሳሳተን። ዓሣው በሳፋ ሆኖ ሚዛኑ ላይ ይሰቀላል። ሳፋው ራሱ ይከብዳል፤ ሥሩ ላይ ውሃ ሲይዝ ደግሞ ይብሳል። ለሁለት ሳምንት ሳፋውንም ውሃውንም ዓሣ ብለን ስንጽፍ ቆየን። እነዚያን ገጾች አልቀደድናቸውም። በቀይ «ሳፋው አልተቀነሰም» ብለን ጻፍንባቸውና ለስሌት እንዳይገቡ አደረግን። አንድ ተማሪ በእርሳስ አርሞ ሊያስተካክላቸው ፈልጎ ነበር። ከለከልኩት። ያልመዘንነውን ክብደት በግምት ማስገባት አዲስ ስሕተት መጨመር ነው።

ቀጥሎ የመጣው የዓይነት ጉዳይ ነው። ወደቡ ላይ የዓሣ ስም በዋናነት ሦስት ነው፦ ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ። እኛም ሦስት ዓምድ አሰመርን። ጥቅምት ላይ መምህርታችን ሁለት ነጭ ዓሣ ጎን ለጎን አስቀምጠው ልጆቹን «ምን ልዩነት ይታያችኋል?» አሏቸው። የአንደኛው አፍ ሰፊ ነው፤ ጭንቅላቱም ረዘም ይላል። የሌላው አፍ ትንሽ ሆኖ ወደ ታች የዞረ ነው። ልጆቹ ዝም አሉ። ከዚያ አንዷ «ቲቸር፣ እነዚህማ አንድ አይደሉም!» አለች።

አንድ አይደሉም። በወደቡ ነጭ ዓሣ የሚባለው በሳይንስ ላቤኦባርበስ የሚባል ወገን ነው። ጣና ውስጥ 17 ዝርያዎቹ ተለይተው ተገልጸዋል። ከእነዚህ 15ቱ ከጣና በቀር በየትም ዓለም አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ካለው የዓባይ ዓሣ ስለለያቸው እዚሁ ብቻቸውን ተራብተው፣ ተለያይተው ኖረዋል። ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ስለዚህ ይህ የሚገርም ነገር ነው። እኛ ደግሞ ይህን ሁሉ በአንድ ዓምድ «ነጭ ዓሣ፣ 12 ኪሎ» ብለን ዘግተነው ነበር። አንዱ ዝርያ ቢጠፋና ሌላው ቢበዛ ዓምዳችን ያው 12 ኪሎ ይላል። የጠፋውን ማንም አያውቅም።

17ቱን ሁሉ ወደብ ላይ መለየት ለእኛ አቅም አይሆንም። ስለዚህ ነጭ ዓሣውን በአፉ ቅርጽ በሦስት ከፈልነው፤ ከእያንዳንዱ ሳፋ ላይም አሥር ፍሬ ርዝመቱን ለካን። ርዝመት ስንለካ ከአፍ ጫፍ እስከ ጅራት ጫፍ ነው ወይስ እስከ ጅራቱ መንታ ድረስ? ሁለት ቡድን ሁለት ዓይነት ለክቶ ተገኘ። እስከ መንታው ድረስ ብለን ወሰንን። የጅራት ጫፍ መረብ ላይ ይሸረፋል።

አሁን ወደ ርዕሴ ልምጣ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። የወሩን አማካይ ለማውጣት ደብተሮቹን ሰበሰብን። የአንዲት ተማሪ ደብተር ከሁሉም ንጹሕ ነበር። ጽሕፈቷ ያምራል። ግን ገጾቿ አጫጭር ናቸው። ሌሎቹ በቀን ስድስት ሰባት ጀልባ ሲጽፉ እሷ ሦስት አራት ነው። «ሌሎቹስ ጀልባዎች?» አልኳት። «ባዶ ነው የመጡት ቲቸር፤ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። እኔ ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። ያኔውኑ ሰሌዳ ላይ ወጣሁ። ሦስት ጀልባ ወጣ እንበል። አንዷ 60 ኪሎ ይዛ መጣች፤ አንዷ 30፤ አንዷ ባዶዋን። ባዶዋን ካልጻፍናት አማካዩ 45 ኪሎ ነው። ከጻፍናት 30 ነው። አሁን ሐይቁ ሳሳ እንበል። በሚቀጥለው ዓመት ስድስት ጀልባ ወጥቶ አራቱ ባዶ ቢመለሱ፣ ሁለቱ ያው 60 እና 30 ይዘው ቢመጡስ? ባዶዎቹን የማይጽፍ ደብተር ያኔም 45 ይላል። ሐይቁ በግማሽ ሲቀንስ መዝገቡ ምንም አልሆነም ይላል። እውነተኛው አማካይ ግን 15 ነው።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ገባው። ከዚያ በኋላ ሦስት ምልክት አወጣን። 0 ማለት ጀልባው ወጥቷል፣ መረብ ጥሏል፣ ምንም አላገኘም ማለት ነው። «አልወጣም» ማለት ጀልባው እዚሁ አድሯል ማለት ነው። ሰረዝ ማለት ደግሞ እኛ አላየንም ማለት ነው። ሦስቱም ባዶ ሳጥን ይመስላሉ፤ ትርጉማቸው ግን የትና የት ነው። ያቺ ተማሪ የዜሮ ኃላፊ ሆነች። በየቀኑ ደብተር ስንዘጋ «ባዶ ሳጥን የተወ አለ?» እያለች የምትዞረው እሷ ናት። ለአጥማጁም ቢሆን ባዶ የተመለሰበት ቀን ቤንዚን የከፈለበት፣ ሌሊቱን የተንቀጠቀጠበት ቀን ነው። እንዳልነበረ ሊቆጠርበት አይገባም።

ታኅሣሥ ላይ ሌላ ዓምድ ጨመርን፦ ስንት መረብ ተጣለ? የመረቡ ዐይንስ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ጋሼ የጨረቃም ዓምድ አስጨመሩን። ሙሉ ጨረቃ ሲሆን ዓሣው መረቡን ስለሚያየው ይሸሻል አሉን። አስገባነው። በአንድ ዓመት ደብተር ስለ ጨረቃ ፍርድ አንሰጥም፤ ዓምዱ ግን ይቀጥላል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ወደቡ ሌላ ሆነ። ዓሣ በጾም የሚበላው ብዙ ነው፤ የማይበላም አለ፤ ገበያው ግን ይደምቃል፣ ዋጋም ይጨምራል። በደብተራችን የቀኑ ጠቅላላ ክብደት ወደ ላይ ወጣ። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ በትልቁ ግራፍ ሠርቶ «በጾም ጣና ውስጥ ዓሣ ይበዛል» ብሎ ጻፈበት። ግራፉን አልነካሁትም። «ለጀልባና ለመረብ አካፍለው» ብቻ አልኩት። አካፍሎ መጣ። በጾም የወጡት ጀልባዎች በዝተዋል፤ የጣሉት መረብም በዝቷል። ለአንድ መረብ የደረሰው ዓሣ ግን አልጨመረም። የበዛው ሰው እንጂ ዓሣ አይደለም። ልጁ ሁለተኛውን ግራፍ ከመጀመሪያው ሥር ለጠፈው፤ ሁለቱም አሁን በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ናቸው።

በዚሁ ወር ፊሌቶም አስቸገረን። አንዳንዱ ዓሣ እኛ ዘንድ ሳይደርስ ተሰንጥቆ፣ ተገፎ፣ አጥንቱ ወጥቶ በፊሌቶ ይመጣል። ከቀረሶ የሚወጣው ፊሌቶ የዓሣውን ሲሶ ያህል ነው። 5 ኪሎ ፊሌቶ ያየ ሰው 5 ኪሎ ብሎ ከጻፈ ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋውን ዓሣ አሳንሶታል። ለብቻው ገጽ ሰጠነው።

መጋቢት ላይ የራሳችንን ደብተር አስቀምጠን የትልልቆቹን አነበብን። የጣና ታሪክ በቁጥር ተጽፏል። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦ በደንገል ታንኳ ሲያጠምዱ ኖረዋል። በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ ለገበያ ማጥመድ የተጀመረው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። ዓመታዊው ምርት በ1987 እ.ኤ.አ. 39 ቶን ነበር፤ በ1997 እ.ኤ.አ. 360 ቶን ደረሰ። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ደስ አላቸው። «አድጓል!» አሉ። ቀጥሎ ተመራማሪዎች ለአንድ ጉዞ አካፍለው ያወጡትን አሳየኋቸው። ከ1991 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. በነበሩት ዓመታት አንድ የሞተር ጀልባ በአንድ ጉዞ በአማካይ 177 ኪሎ ያመጣ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. 140 ኪሎ ሆነ። ቅናሹ በዋናነት የመጣው ከነጭ ዓሣ ነው፤ ከ63 ኪሎ ወደ 28 ወርዷል።

ለምን ነጭ ዓሣ? ቀረሶ የሚራባው እዚያው ሐይቁ ውስጥ ነው። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ ግን በክረምት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ሌሎች ገባር ወንዞች ወጥተው ነው እንቁላል የሚጥሉት። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። መረብ እዚያ ከተጣለ እናቶቹ ይያዛሉ። ወንዙ ውስጥ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ በመጨመር ዓሣን ማደንዘዝ የቆየ ልማድ ነው።

እዚህ ላይ አንዲት ተማሪ የጠየቀችው ጥያቄ የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ ነው እላለሁ። «ወንዙ አፍ ላይ የሚያጠምድ ጀልባ ሁልጊዜ ሞልቶ አይመጣም እንዴ? እና ለጀልባ ብናካፍለውም አያታልለንም?» ያታልለናል። የካናዳን ኒውፋውንድላንድ ታሪክ የነገርኳቸው ያኔ ነው። እዚያ ኮድ የሚባል ዓሣ ለመቶዎች ዓመታት ተጠምዷል። ዓሣው እያለቀ የቀረው አንድ ቦታ ይሰበሰብ ነበር፤ መርከቦቹም በመሣሪያ እየፈለጉ ያገኙት ነበር። ስለዚህ ለአንድ መርከብ የሚደርሰው ብዙ የቀነሰ አይመስልም። ጁላይ 2 ቀን 1992 እ.ኤ.አ. መንግሥት ማጥመዱን ዘጋ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሥራ አጡ። ለሁለት ዓመት ነው የተባለው እገዳ አሥርተ ዓመታት ቆየ። ልጅቷ ይህን ሰምታ ደብተራችን ላይ «የት ተጠመደ?» የሚል ዓምድ አስገባች። ከሚያዝያ ጀምሮ ሐይቁን በስድስት ክፍል ከፍለን ነው የምንጽፈው።

እዚህ ጋ የሚያሳስበኝን ልናገር። ነጭ ዓሣው ወደ ወንዝ የሚሄደው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ማለትም ደብተራችን የሚዘጋው ሊያይ የሚገባው ነገር በሚጀምርበት ወቅት ነው። ዘንድሮ በጣም ያልሞላነው ክፍተት ይህ ነው። ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ።

ለወደቡ ቅርብ የሆኑ አራት ተማሪዎች በክረምቱ ማክሰኞና ቅዳሜ ሊጽፉ ተስማምተዋል። ወላጆቻቸው ፈቅደዋል፤ አመሰግናለሁ። የዝናብ ልብስና ውሃ የማያስገባ የደብተር መያዣ ያስፈልጋቸዋል፤ ትርፍ ያላችሁ ወደ ባዮሎጂ ላቦራቶሪ አምጡልን። ሚዛኑ ተፈትሿል። ሳፋው 1 ኪሎ ከ400 ግራም ነው፤ ክብደቱ ጎኑ ላይ በቀለም ተጽፏል። የክረምቱ ደብተር ተሰምሮ ተዘጋጅቷል። የዜሮዋ ኃላፊ በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ሦስቱን ምልክቶች በትልቁ ጽፋበታለች። ጋሼም ሐምሌ 1 ቀን ጠዋት እንደሚጠብቋቸው ነግረዋቸዋል።