ከአንድ ጥግ እንጀምር

ውድ አባላት፣

የድሬዳዋን ባቡር ጣቢያ ሙሉውን በሞዴል የመሥራቱ ሐሳብ እኔንም ያጓጓኛል። ግን መጀመሪያ የምንጨርሰውን እንሥራ። አንድ መጋዘን፣ ሦስት ሐዲድ፣ 120 በ60 ሴንቲሜትር ሰሌዳ ይበቃናል።

የድሮው የጅቡቲ ባቡር መስመር ስፋቱ፣ ማለትም በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት፣ 1 ሜትር ነበር። በ1፡87፣ ማለትም 87 ጊዜ ሲቀነስ፣ ወደ 12 ሚሊሜትር ይጠጋል። 8 ሜትር የሚረዝም ሎኮሞቲቭ ደግሞ 9 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል፤ ጠባብ ኩርባም ብዙ አያስቸግረውም። ባቡሩ የሚዞርበት ክብ ሐዲድ ግን ይቅር፣ ቦታ ይፈጃል። ፉርጎ እየገፉ ከሐዲድ ወደ ሐዲድ ማቀያየር ለእኔ ከመዞር በላይ ደስ ይላል።

ሐዲድ ሳንገዛ ሎኮሞቲቩንና ፉርጎዎቹን በልካቸው ከካርቶን ቁረጡ። መስመሩን ጋዜጣ ላይ ስላችሁ በእጅ ግፏቸው። እኔ ስሞክረው የመጨረሻው ሐዲድ በ4 ሴንቲሜትር አጠረብኝ። ቅዳሜ ካርቶናችሁን ይዛችሁ ኑ።