አያትህና ድመቱ

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን። የጦሳን ተራራ ከትናንት ጀምሮ ጉም ውጦታል። እናትህ ሁለት ጋቢ ደርባ ከሰሉ አጠገብ ተቀምጣለች። እኔም ዝንጅብል ሻዬን ይዤ ነው የምጽፍልህ።

ባለፈው ስትደውል «ልጄ ስልክ ካልተከፈተለት ወተት አልጠጣም አለኝ» ብለህ ስታማርር ሳቄ መጣ። ያን ጊዜ ዝም ያልኩት እናትህ አጠገቤ ስለነበረች ነው። አንተስ ምን ነበርክ? ካርቱን ካላየህ አጥሚት በአፍህ አይዞርም ነበር። ሲከፈትልህ ደግሞ ካሴቱ እስኪያልቅ አንዷን ስኒ ይዘህ ትቆያለህ። አጥሚቱ ቀዝቅዞ ገንፎ ይሆናል።

ጥፋቱ የኔም ነው። የቪዲዮ ማጫወቻውን፣ ዴኩን፣ ስገዛ «ለልጆቹ ነው» አልኩ። እናትህ እስከ ዛሬ ታምናለች። እውነቱን ልንገርህ? ለራሴ ነው። ካሴት ልከራይ ስሄድ ባለ ቪዲዮ ቤቱ «ለልጆቹ ነው አይደል ቲቸር?» ይለኛል። «አዎ፣ ለልጆቹ» እላለሁ። ሰዓቱ ጠዋት ነው፤ እናንተ ክፍል ውስጥ ናችሁ። ይህን ደብዳቤ በስልክ እንዳታነብላት አደራ።

አያትህ ከሐይቅ ከተማ መጥተው የከረሙበትን ክረምት ታስታውሳለህ? ነፍሳቸውን ይማረውና፣ እሳቸው ካሉ ቡና እንደ ዋዛ አይጠጣም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት በረንዳው ላይ ይሰበሰባል። እጣኑ ይጨሳል። አቦል ላይ እሳቸው ሲመርቁ እናንተም ቆሎ በጉንጫችሁ ይዛችሁ «አሚን» ትላላችሁ። ቶና ላይ ዓይናችሁ ወደ ሳሎን መቅበዝበዝ ይጀምራል። አንድ ቀን በረካው ሊቀዳ ሲል አንድም ልጅ የለም። «በረካ ሳይጠጣ ምን ዓይነት መነሳት ነው?» ብለው ተከትለዋችሁ ገቡ።

ቶምና ጄሪን እያያችሁ ነበር። አያትህ በር ላይ ቆሙ። ከዚያ ዱካ ስበው ተቀመጡ። አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም፤ ንግግር የለውማ። ሙዚቃውና ግርግሩ ይበቃል።

«ይቺ አይጥ የማን ናት?» አሉ።

«ጀግናዋ እሷ ናት፣ እማማ» አልካቸው።

«እህል የምትፈጅ ሌባ ናት ጀግና?»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጎተራ አይጥ ሲያባርሩ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ምን ይፈረድባቸዋል? ድመቱ ፊቱ ላይ መጥበሻ ሲያርፍበት «እኔን! እኔን!» ይላሉ። እናንተ ደግሞ ትስቃላችሁ። ተቆጥተው ወደ በረንዳው ተመለሱና በረካው ላይ «ያንን ምስኪን ድመትም ያግዘው፣ አሚን በሉ» አሉ። ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ሳያውቅ «አሚን» አለ። እኔ ስኒዬ ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

ኋላ አንድ ነገር አነበብኩ። የቶምና ጄሪ የመጀመሪያው ፊልም የወጣው በፈረንጅ 1940 ነው። ሠሪዎቹ ዊሊያም ሀና እና ጆሴፍ ባርቤራ ነበሩ። በዚያ ፊልም ላይ ቶም ስሙ ቶም አልነበረም፤ ጃስፐር ነበር። ሄጄ ለአያትህ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ስሙን ቀይረውለት ዕድሉን ሳይቀይሩለት ቀሩ» አሉኝ። ካርቱንን እንደሳቸው የተረዳ ሰው አላየሁም።

ቅጠል በልቶ ክንዱ የሚፈረጥመውን የካርቱን መርከበኛ ፖፓይን እናትህ ጎመን ልታስበላችሁ እንደተጠቀመችበትም አልረሳሁም። ጎመን ሦስት ቀን ያለ ጭቅጭቅ ተበላ። በአራተኛው ቀን ክንድህን መስታወት ፊት አይተህ ተውከው።

ሻዩን ደግሞ «አዳማ ላይ እንደ ቤት አልሆንልህ አለኝ፣ ይመርረኛል» ብለሃል። ምክንያቱን እናትህ «እጁ ነው» ትላለች። አትስማት። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። አንተ ያለህበት ዝቅ ስለሚል ወደ 95 ይጠጋል። እዚህ እንዳየኸው ረጅም ሰዓት አታንተክትከው። ዝንጅብሉን ወቅጠህ ከቀረፋና ከሁለት ፍሬ ቅርንፉድ ጋር አፍላው። ሻይ ቅጠሉን ግን ልታወርደው ስትል ጨምርና ወዲያው ክደነው። ይህን ለእናትህ ባስረዳት «ሻይም ፊዚክስ አለው?» ብላ ቡናዋን መቁላት ቀጠለች። ለእሷ ሻይ ማለት የበሽተኛ መጠጥ ነው። ጉንፋን ሲይዛት ግን ከኔ ብርጭቆ እየተሻማች ትጠጣለች።

የተቆላ ቡናና ደረቅ ዝንጅብል በሰው እጅ ልከንልሃል። ቡናው ላይ እናትህ ጤና አዳም ቋጥራለች፤ እንዳትጥለው።

ዴኩ ከሞተ ቆይቷል። አዲሱ ቲቪያችን ግን ፍላሽ ይቀበላል። እነዚያን የድሮዎቹን ካርቱኖች ጫንና መልእክቱን ባመጣልህ ሰው ላክልኝ። እናትህ ከጠየቀችህ፣ የልጅ ልጆቹ ለዕረፍት ሲመጡ እንዲያዩት ነው በላት።

አባትህ
ከደሴ