ኮሚሽኑ ደመወዝ ካልሆነ ደመወዙ የት አለ?

ለድሬዳዋ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ፤

በቃል አቤት ብለናል፣ በጽሑፍም አመልክተናል። መልሱ «ይታያል» ነበር፤ እስካሁን ያየው የለም። ስለዚህ የሱቅ ሽያጭ ሠራተኛ በኮሚሽን፣ ማለትም በሸጠው መጠን በሚታሰብለት ክፍያ፣ ስም የሚደርስበትን በአደባባይ ልንጽፍልዎ ተገደናል። ሕጉን ለእርስዎ ማስተማር የእኛ ድርሻ አይደለም፤ ጠረጴዛዎ ላይ ያለ አዋጅ ነው። ከባንኮኒው ጀርባ ሆነው ሲያዩት እንዴት እየተጠመዘዘ እንደሆነ ግን ይስሙን።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 53 ኮሚሽንን ከደመወዝ አይቆጥረውም። ሠራተኛው የሚኖርበት ደመወዝ ካለውና ኮሚሽኑ በላዩ የሚጨመር ማበረታቻ ከሆነ ይህ ያስኬዳል። ከከዚራ እስከ መጋላ ባሉ ብዙ የሞባይል፣ የኤሌክትሮኒክስና የቤት ዕቃ ሱቆች ግን ነገሩ ተገልብጧል። በምሳሌ እንየው፤ ውሉ ላይ መነሻ ደመወዝ 2,500 ብር ይጻፋል፣ ሻጩ በወር በአማካይ የሚያገኘው ቀሪ 7,500 ብር ኮሚሽን ይባላል። ሰው ሲቀጠር «እስከ 10,000 ትበላለህ» ይባላል። ሲታመም ግን ሕጉ ለመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሹን ይሰጠዋልና ሙሉው 2,500፣ ግማሹ 1,250 ብር ይሆናል። የወለደች ሴት ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን የምታርፈው በዚሁ በ2,500 ነው። የዓመት ፈቃዱም፣ የሥራ ስንብት ክፍያውም፣ የትርፍ ሰዓቱም ሂሳብ ከዚሁ ይነሣል። የጡረታ መዋጮው ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ሆኖ በ2,500 ሲሰላ በወር 450 ብር ነው፤ በ10,000 ቢሰላ 1,800 ይሆን ነበር። ሃያ ዓመት ቆሞ የሸጠ ሰው በእርጅናው የሚያገኘው ጡረታ በዚህ መጠን ይቀንሳል። ለመደበኛው የስምንት ሰዓት ሥራ በየወሩ የሚከፈልን ገንዘብ ስሙን ቀይሮ ከሕግ ጥበቃ ማውጣት መብት መንጠቅ ነው። ቢሮዎ ይህን በዝምታ ማለፉ አሳዝኖናል፤ አስቆጥቶናልም።

በዚያው ቀዳዳ ቅጣትም ይገባል። አንቀጽ 59 በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ ደመወዝ አይቆረጥም ይላል፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ከ2,500 ብር ይህ 833 ብር ገደማ ነው። አሠሪው ግን 4,000 ብር ጉድለት ያወጣና «ከደመወዝህ አልነካሁም፣ ከኮሚሽንህ ነው» ብሎ በአንዴ ይወስዳል። ጉድለቱ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። ዕቃ ከመጋዘን ሲመጣ በፊርማ አይረከቡትም። ሱቁ በሙቀቱ ቀትር ላይ ተዘግቶ 10 ሰዓት ሲከፈት ቆጠራ የለም፤ ቁልፉ ያለው ሱፐርቫይዘሩ ጋ ነው። በወር መጨረሻ የጎደለው ለሻጮቹ በቁጥራቸው ይካፈላል። ርክክብ ያልተደረገበትን ዕቃ «አንተ አጎደልክ» ማለት በየትኛውም የሂሳብ አሠራር አያስኬድም።

ስለ ሰዓቱም አንድ ነገር። ጠዋት ከ2 እስከ 6 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ ከ10 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት የሚሠራ ሰው በቀን 9 ሰዓት ተኩል፣ በስድስት ቀን 57 ሰዓት ሠርቷል። ሕጉ 48 ይላል። የቀሪው 9 ሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ ሲጠየቅ ግን «ኮሚሽን እያገኘህ!» ይባላል።

ኮሚሽኑ ራሱ እንዴት እንደሚቆጠር ደግሞ አንድም ሱቅ በወረቀት አይሰጥም። ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣው ደረሰኝ በአብዛኛው የሻጩን ስም አይዝም፤ ስሙ የሚጻፈው ሱፐርቫይዘሩ በያዘው ደብተር ነው። ደንበኛውን በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ አነጋግሮ ግማሽ ሰዓት ያስረዳው አንዱ፣ ደብተሩ ላይ የሚገኘው የሌላው ስም ነው። 23,000 ብር የተሸጠ ስልክ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ሲወጣለት 20,000 ነው፤ የ2 በመቶ ኮሚሽን በአንዱ 460፣ በሌላው 400 ብር ይሆናል። በየትኛው እንደሚሰላ አስቀድሞ ከተጻፈ አንከራከርም፤ ችግሩ እንደ ወሩ መቀያየሩ ነው። ፋብሪካው አበላሽቶት የተመለሰ ዕቃም ከሻጩ ይቀነሳል።

ታርጌቱ፣ ማለትም ሻጩ በወር እንዲሸጥ የሚታዘዘው መጠን፣ የባሰ ነው። 300,000 ብር ታርጌት ተሰጥቶት 290,000 የሸጠ ሰው ኮሚሽኑ ዜሮ ነው፤ ሱቁ ግን ከ290,000ው ትርፉን ወስዷል። ገበያ በሚደራበት የኢድ ዋዜማ፣ ወይም የቁልቢ ገብርኤል ተጓዥ ከተማዋን በሚሞላበት ታኅሣሥ፣ ወሩ ተጋምሶ ሳለ ታርጌቱ መጨመሩ በቴሌግራም ይነገራል። ገበያው ሲቀዘቅዝ አይወርድም፤ ዕቃ ሳይመጣ ቀርቶ መደርደሪያው ባዶ ሲሆንም አይወርድም። ሠራተኛው ሲለቅ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈለው የሚገባው ቀሪ ኮሚሽን «የለቀቀ ሰው ኮሚሽን የለውም» ተብሎ ይቀራል።

አሁን ወደ ራስዎ ቢሮ እንምጣ። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያው ጊዜ በማለፉ፣ ይታገዳል። ለሚመለከተው የመንግሥት አካል የቀረበ አቤቱታ ይርጋውን ያቋርጣል፤ ግን መቅረቡን ማስረዳት ያስፈልጋል። የቢሮዎ ሰው ማመልከቻውን ተቀብሎ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ሳያደርግበት «ስልክ ቁጥርህን ተውልን፣ እንደውላለን» ሲል ሠራተኛው በእጁ ምንም ሳይይዝ ይወጣል፤ 6 ወሩ ግን ይቆጥራል። ፍርድ ቤት ሲደርስ ጊዜው አልፏል። እዚህ ላይ ገንዘቡን ያሳጣው አሠሪው ብቻ አይደለም።

ተቆጣጣሪዎችዎ በሥራ ሰዓት ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ሱቅ ገብተው መዝገብ የመመርመር ሥልጣን አላቸው። ይግቡ። አንቀጽ 60 የሚያስገድደውን የክፍያ መዝገብ ያስከፍቱ፤ ጠቅላላ ክፍያው፣ ስሌቱ፣ ተቀናሹና ምክንያቱ ተጽፎ ሠራተኛው ፈርሞበታል ወይ? አሠሪው ሠራተኛው ሲጠይቀው ያብራራለታል ወይ? «ፈርሞ ወስዷል» ቢልዎትም እዚያው አንቀጽ ላይ ሳይቃወሙ መቀበል መብትን መተው እንዳልሆነ ተጽፏል። የዕለት ሽያጩም በደረሰኝ ቁጥር፣ ከታክስ በፊት ባለው ዋጋና በሻጩ ፊርማ ተመዝግቦ ማታ አንድ ቅጂ ለሻጩ እንዲሰጥ ይዘዙ። አንድ ደብተርና አንድ ካርቦን ይበቃል።

ይህን ደብዳቤ በወረቀትም እናስገባለን። ቀን፣ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ይደረግበት።

በድሬዳዋ የምንሠራ የሱቅ ሽያጭ ሠራተኞች