የጓሮ አትክልት ክበብ የ2017 ዓ.ም ዘገባ፦ ዘግይተን የዘራነው ካሮት

ስለ ትምህርት ቤታችን ክበብ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ካሮቱን ነው የሚያነሳው፣ እኔ ግን ስለ አፈሩ ነው መጻፍ የምፈልገው ምክንያቱም አመቱን ሙሉ የለፋነው እሱ ላይ ነው። አምና ያወጣነውን ካሮት ያየ ያስታውሰዋል፣ ሁለት ሶስት እግር ያወጣ፣ ጸጉራም፣ ቅጠሉ ብቻ የሚያምር። ጥፋቱ የኛው ነበር፣ ልንዘራ ስንል ትኩስ የበግ ፍግ በብዛት ጨመርንበት። ትኩስ ፍግ ናይትሮጅን ስለሚበዛበት ቅጠል ያፋፋል፣ የስሩ ጫፍ ደሞ እሱን ወይ ድንጋይ ሲነካ ይጎዳና ቅርንጫፍ ያወጣል።

ስለዚ ለዘንድሮው ኮምፖስቱን የጀመርነው ገና አምና ሚያዝያ ላይ ነው። የጤፍ ጭድ፣ የግቢው ሳር፣ ከሻይ ቤት የምናመጣው የቡና አተላና የአትክልት ልጣጭ፣ ፍግ፣ ትንሽ አፈር፣ እየደረብን ከመርነው። የባህር ዛፍ ቅጠል እንዳይገባ በጣም ነው የምቆጣጠረው፣ ቶሎ አይበሰብስም። በየሶስት ሳምንቱ አገላበጥነው፣ መሃሉ ላይ እንጨት ሰክተን ስናወጣው የሚሞቅ ከሆነ እየሰራ ነው ማለት ነው። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ የጥበቃው ጋሼ ናቸው በፕላስቲክ ሸፍነው ያቆዩልን፣ የደሴን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ክፍቱን ቢከርም ምግቡን አጥቦ ይወስደው ነበር። እግዜር ይስጥልን ጋሼ።

መስከረም ላይ ሲከፈት ኮምፖስቱ ጠቁሮ፣ ተፈርፍሮ፣ ሽታው ዝናብ የመታው ጫካ ሆኖ ጠበቀን። መሬቱ ግን አልደረሰም። የኛ ግቢ አፈር ዋልካ ነው፣ ሸክላ የበዛበት፣ 7ኛ ክፍሎች ሃይላንድ ውስጥ አፈርና ውሃ አድርገው በጥብጠው አስቀመጡት፣ አሸዋው ወዲያው ስር ቁጭ አለ፣ ሸክላው ግን በማግስቱም ውሃውን እንዳደፈረሰው ነበር። ዋልካን በእርጥቡ ከቆፈሩት ሲደርቅ ጡብ ነው የሚሆነው። በየሳምንቱ አንድ እፍኝ ጨብጠን እናያለን፣ ድቡልቡል ብሎ የሚያብለጨልጭ ከሆነ እንመለሳለን። "ቲቸር ሰው እኮ ዘርቶ ጨረሰ" ይሉኛል፣ አብሽሩ እላለሁ። የዘገየነው በዚህ ነው፣ ደሞ ባንዘገይ ኖሮ አምና ያየነውን ነበር የምናየው።

ጥቅምት ላይ ስንጨብጠው ፍርፍር አለ። 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ በዶማ ቆፈርን፣ ድንጋዩን ለቀምን (ሶስት ጋሪ ሙሉ!)፣ ስፋቱ 1 ሜትር የሆነ ከፍ ያለ መደብ ሰራን፣ ለ1 ካሬ ሜትር በወንፊት የተነፋ ኮምፖስት አንድ ባልዲ፣ የእንጨት አመድ ደሞ ሁለት እፍኝ ብቻ። አመድ ለስር የሚጠቅመው ፖታሺየም አለው፣ ከበዛ ግን አፈሩን ያበላሻል። አንዱን መደብ ግን ሆን ብለን ኮምፖስት ከለከልነው፣ ልዩነቱን ልጆቹ በአይናቸው እንዲያዩት።

ጥቅምት 21 ዘራን፣ ዘሩን ከደቃቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለን፣ 1 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በመስመርና በመስመር መሃል 20 ሳንቲ ሜትር። ጆንያ አልብሰን ጠዋትና ማታ በተራ አጠጣን፣ በ15ኛው ቀን ብቅ አለ ጆንያውንም አነሳን። ቡቃያውን በ5 ሳንቲ ሜትር ርቀት ስናሳሳ አንዳንዶቹ ልጆች አሳዝኗቸው እምቢ ብለው ነበር። ከዛ በኋላ ኮምፖስት በስሱ ጨመርንለት፣ አናቱ ጸሀይ አይቶ አረንጓዴ እንዳይሆንም አፈር አስታቀፍነው። ህዳርና ታህሳስ ላይ ከጦሳ ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ አዘገየው እንጂ አልገደለውም፣ እንዲያውም ካሮት ብርድ ሲነካው ስኳር ስለሚያጠራቅም ይጣፍጣል።

የካቲት 13፣ ልክ በ16 ሳምንቱ ነቀልን። የተመገበው መደብ በእጅ ሲሳብ ቀጥ ያለ ካሮት ሰጠን፣ ያልተመገበው በዶማ ነው የወጣው፣ አጭር፣ ደንዳና፣ ግማሹም ተሰበረ። ዘንድሮ አብይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለገቡ ካሮቱ በየቤቱ ለጾም ወጥም ለማፍጠሪያ ሾርባም ደረሰ፣ ማሻአላህ፣ እኔ ከዚህ በላይ ደስ ያለኝ ቀን የለም።



መጋቢት ላይ መደቦቹ ላይ ባቄላ ዘርተናል፣ ናይትሮጅን ይመልስልናል፣ ስሩን ሳንነቅል ከላይ ነው የምናጭደው። አዲሱ የኮምፖስት ክምርም ተጀምሯል፣ ቤታችሁ በእንጨት የምታበስሉ አመዱን በፌስታል አምጡልን፣ ፕላስቲክ የተቃጠለበት ግን እንዳይሆን።