በአበርዲንሻየር ለምትገኙ ወዳጅ ዘመዶቻችን የቀረበ የምስጋና መልእክት

የልጃችን ጋብቻ በስኮትላንድ፣ በሙሽራው የትውልድ መንደር በሰላም ስለተፈጸመ በቅድሚያ ፈጣሪያችንን እናመሰግናለን። አብዛኞቹ ዘመዶቻችን ቪዛ ባለማግኘታቸው ልጃችንን ያለ ወገን ልንድራት ነው ብለን ብንጨነቅም፣ የሙሽራው ቤተሰቦችና የመንደሩ ነዋሪዎች የአገራቸውን ልማድ ከማሳየት አልፈው እኛንም የልማዱ ባለቤት አድርገውናል።

ከሁሉ አስቀድሞ ምስጋናችን ለሙሽራው አያት ይድረስ። እኚህ እናት በዚያ ዕድሜያቸው ተንበርክከው፣ ትዳሩ ሀብት እንዳያጣ በሚል እምነት፣ በራሳቸው ሠርግ ቀን በጫማቸው ውስጥ አድርገውት የነበረውን የብር ስድስት ፔንስ ሳንቲም በልጃችን ግራ ጫማ ውስጥ አስገብተውላታል። ይህ ሳንቲም ከ1980 እ.ኤ.አ. ወዲህ መገበያያ አይደለም፤ እሳቸው ግን ለሙሽራ ብለው አኑረውት ኖረዋል። በእቅፍ አበባዋም መካከል፣ ተራራውን ከሚሸፍነው ሄዘር ከተባለው ሐምራዊ የዱር አበባ ይልቅ እምብዛም የማይገኘውንና የመልካም ዕድል ምልክት የሆነውን ነጩን ሄዘር ሰክተውበታል።

ከሠርጉ ቀደም ብሎ የሙሽሮቹ ጓደኞች ሁለቱንም ጥቀርሻ፣ ዱቄትና ሞላሰስ ለቅልቀው፣ በጭነት መኪና ጭነው፣ ድስት እየደበደቡ መንደሩን ሲያዞሯቸው ደንግጠን ነበር። ጎረቤታችን የሆነችው እህት ግን ድሮ ክፉ መንፈስን ለማራቅ ይደረግ እንደነበረና ይህን የቻሉ ጥንዶች የትዳርንም ፈተና ይችላሉ ተብሎ እንደሚታሰብ አስረድታ አረጋግታናለች፤ ማታም ውኃ አሙቃ የልጃችንን ፀጉር አጥባልናለች።

ሙሽሪት ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ መኪና ውስጥ ስትገባ አባቷ ለሕፃናት ሳንቲም መበተን እንዳለበት ቀድመው ነግረው፣ ሳንቲሙንም በከረጢት አዘጋጅተው ላስረከቡን ጎረቤቶች ምስጋናችን የላቀ ነው። የሙሽራው እናት የቤተሰባቸውን ታርታን፣ ማለትም ባለ መስመር ጥለት የሱፍ ጨርቅ፣ በልጃችን ትከሻ ላይ አድርገው በልብ ቅርጽ በተሠራ የብር ጌጥ አያይዘውላታል። ይህ ጌጥ ኋላ በበኩር ልጅ መጠቅለያ ላይ የሚደረገው ሕፃኑን ከክፉ ዓይን እንዲጠብቅ መሆኑን ስንሰማ ባዕድነት አልተሰማንም፤ ልጅን ከቡዳ መጠበቅ የእኛም እናቶች ጭንቀት ነውና። ሙሽሮቹ ሁለት እጀታ ባለው ኩዌክ በተባለው ጽዋ ውስኪውን ከተጎነጩ በኋላ ያው ጽዋ በእኛ ጠጅ ተሞልቶ በሁለቱ ቤተሰብ እጅ እንዲዞር የፈቀዳችሁበትን ክብር አንረሳውም።

ባግፓይፕ የተባለውን ባለ ከረጢት የትንፋሽ መሣሪያ እየነፉ በፊታችን ለመሩን፣ እስክስታችንንም ኬይሊ በተባለው የስኮትላንድ ባህላዊ ጭፈራ መካከል አብረውን ለወረዱ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን።

የሙሽሪት ወላጆች