እማዬ፣ መጀመሪያ ነጠላውን ከመሣሪያው ላይ አንሺው

እማዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ሁላችን ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ዓይንሽ ስለደከመ የላክሁልሽ፣ ደረትሽ ላይ ተንጠልጥሎ ፊትሽ ያለውን ዕንቅፋት በንዝረት የሚነግርሽ መሣሪያ ሐዋሳ ደርሶ እጅሽ መግባቱን ሰማሁ። «ያለማቋረጥ ይነዝራል፣ መንገድ ላይ ተበላሽቷል» ማለትሽንም ነገሩኝ። አልተበላሸም፣ ነጠላሽ ነው። ደብዳቤውን የምታነብልሽ ልጅ እዚህ ላይ ትቁምና መሣሪያውን ትስጥሽ። ፊቱን በጣትሽ ዳብሺው፤ ጎን ለጎን ሁለት ክብ ቀለበቶች አሉ። አንዱ ለሰው ጆሮ የማይሰማ ድምፅ ይልካል፣ ሌላው የገደል ማሚቶውን ይቀበላል። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ማሚቶው ለመመለስ የፈጀበትን ጊዜ ቆጥሮ ፊትሽ ያለው ነገር ምን ያህል እንደሚርቅ ያሰላል። የነጠላሽ ጫፍ ከወደቀበት ግን ማሚቶው ከጨርቁ ስለሚመለስ ግድግዳ የተደቀነብሽ ይመስለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ተከናነቢ፣ ማንገቻውን ከዚያ በኋላ ከላይ አጥልቂ። ጃንጥላም ስትይዢ ወደ ፊት አታዝምሚው።

ቦታው ከአንገትሽ ጉድጓድ አራት ጣት ዝቅ ብሎ፣ የደረት አጥንትሽ ላይ ነው። የሞሰብ ክዳን ጫፉን ደረትሽ ላይ፣ አፉን ወደ ፊት አድርገሽ እንደያዝሽ አስቢ፤ ድምፁ የሚሰፋው እንደዚያ ነው። ሜትር ተኩል ላይ ሲደርስ የሰፌድ ያህል ይሆናል፣ ቅርብሽ ላይ ግን ጠባብ ነው። ቀጥ ብሎ ከተንጠለጠለ ግንባርሽ ትይዩ ያለ ቅርንጫፍ ስትጠጊው ከላይ ያመልጠዋል። ከጀርባው፣ በታችኛው ጠርዝ በኩል የተጣጠፈ ካርቶን የለጠፍኩት ቀና ብሎ እንዲያይ ነውና እንዳትነቅዪው። ካርቶኑ ከወደቀ መሣሪያው ቀጥ ብሎ ይንጠለጠልና ከላይ ያለውን አይነግርሽም። ያኔም ተበላሸ ትያለሽ!

እስከ 4 ሜትር ድረስ መለካት ይችል ነበር፤ ሆን ብዬ ሜትር ተኩል ላይ ገደብኩት። ፒያሳ ሰው በሚበዛበት 4 ሜትር ብተወው ፋታ አይሰጥሽም፣ ከዚያ አውልቀሽ ቦርሳ ውስጥ ትከቺዋለሽ። ሜትር ተኩል ላይ ቀስ እያለ ይነዝራል፣ 80 ሴንቲ ሜትር ሲቀር ይፈጥናል፣ ከ40 በታች ሲሆን አያቋርጥም።

አሁን የማትወጂውን ልናገር። ነጩን በትር ቤት አትተይው። መሣሪያው የተከፈተ ቦይ አያውቅም፤ ከደረት ወደ ፊት የተላከ ድምፅ ጉድጓድ ውስጥ አይወርድም። ደረጃ፣ ድንጋይ፣ የአስፋልቱ ጠርዝ የበትሩ ሥራ ነው። በትሩ የማይነካው ደግሞ ከወገብ በላይ ያለውን ነው፤ የቆመ መኪና የጎን መስተዋት፣ በር ላይ የተሰቀለ ዕቃ፣ ከገብርኤል ወደ ፍቅር ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ዳር የተንጠለጠሉ ቅርንጫፎች። የዓይንሽ ሕመም፣ ግላኮማ፣ ቀድሞ የሚወስደው የዙሪያውን ዕይታ ስለሆነ፣ ፊት ለፊት ያለውን እያየሽ እንኳ የላዩና የጎኑ ይሰወርሻል። ለዚያ ነው የላክሁት።

የሚሞኝበትም አለ። የቆርቆሮ አጥር ፊት ለፊት ስትቆሚ ይነግርሻል፣ በሰያፍ ስትጠጊው ግን ድምፁ ተንሸራቶ ወደ ሌላ ስለሚሄድ ዝም ሊል ይችላል። ገርበብ ያለ በርም እንዲሁ ነው። ወፍራም ጋቢ የለበሰ ሰው ድምፁን ስለሚውጠው ዘግይቶ ነው የሚታወቀው። የልብስ ማስጫ ሽቦማ ጨርሶ ሊያመልጠው ይችላል፤ የግቢያችንን ከፍ አድርገው ይሰሩት።

በባጃጅ ነገር እንዳትተማመኚበት። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ በሴኮንድ 8 ሜትር ያልፋል፤ መሣሪያው እስኪነዝር ደርሶብሻል። መንገድ ስትሻገሪ ጆሮሽን አቅኚና የሰው ክንድ ያዢ። በንዝረት እንጂ በድምፅ እንዲናገር ያላደረግሁትም ጆሮሽ ነፃ እንዲሆን ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ከግቢ አትውጪ። ከግንቡ 10 እርምጃ ርቀሽ በዝግታ ሂጂ፣ መንዘር ሲጀምር ቁሚና እጅሽን ዘርጊ። ሁለት እርምጃ ጨምሪ፣ እንደገና ዘርጊ። ንዝረቱ ሲፈጥን ክንድሽ ግንቡን ሊነካ ምን እንደቀረው ልብ በዪ። ከዚያ አቮካዶው ሥር፣ ከዚያ በሩ ላይ፣ ተዘግቶም ገርበብ ብሎም። በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ቆዳሽ ይለምደውና ልዩነቱን መለየት ያቅትሻል።

ቻርጅ በሁለት ሰዓት ይሞላል። መብራቱን አጥርተሽ ስለማታዪው በሰዓት ቁጠሪው። የገመዱ ጫፍ ላይ በአንድ በኩል የሙጫ ጠብታ አለ፤ እሱ ወደ ላይ ሲሆን ብቻ ነው የሚገባው፣ አትግፊው። መብራት ከጠፋ ንቀዪው፤ ሲመለስ ኃይሉ ዘሎ ሊመጣ ይችላል። ሆዱ እንደ ዳቦ ከነፋ ባትሪው ስለሆነ ከእሳትና ከአልጋሽ አርቂው፣ ለእኔም አስደውዪልኝ። ዝናብ ሲጥል ልብስ ውስጥ ክተቺው፤ ቀለበቶቹ ውስጥ ውኃ ከገባ በደረቅ ጨርቅ አብሺው እንጂ እሳት ዳር አታስጪው።

ጎረቤታችን ያወሩልሽ የሚያነብ መነጽርስ? አለ፣ ውሸት አይደለም። ግን ብዙዎቹ ፎቶውን በስልክ ኢንተርኔት ልከው ነው መልስ የሚያመጡት፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ተራ መነጽር ይሆናሉ። ዋጋቸውንም አልነግርሽም። ለጊዜው ስልክሽን በማንገቻ ደረትሽ ላይ፣ ካሜራውን ወደ ውጭ አድርገሽ በቪዲዮ ደውዪልኝ፣ የመድኃኒቱን ካርቶን እኔ አነብልሻለሁ። ሁለቱን የዓይን ጠብታ ለመለየት ደግሞ የማታው ጠርሙስ ላይ ላስቲክ ጠምጥሚበት፤ ከየትኛውም መሣሪያ ይሻላል።

ነጠላሽን አስተካክለሽ ግንቡ ፊት ከሞከርሽ በኋላ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ። ስንት እርምጃ ላይ መንዘር እንደጀመረ ቆጥረሽ ያዢልኝ፤ በዚያ ልክ አስተካክለዋለሁ።

ልጅሽ፣
ከአዳማ