ከ84ቱ ሰዓት የእኔ ድርሻ 1 ናት

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ትንንሽ ልጆች እድገትና ስለ ተሃድሶ ማዕከላት እጥረት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ በደስታ፣ አንዴ እርሳስ ይዤ። ባለሙያ ጥቂት ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ መሣሪያ የለም ያላችሁት ሁሉ እውነት ነው። 22 ዓመት በሕፃናት ፊዚዮቴራፒ ሠርቻለሁና ምስክር እሆናለሁ። ቅር ያሰኘኝ ሌላ ነገር ነው። ከጽሑፉ ጋር ባወጣችሁት ፎቶ ላይ ባለሙያዋ ሕፃኑን ትልቅ ኳስ ላይ አስቀምጣ ትታያለች። በፎቶው ጠርዝ የአንዲት ሴት ክርን አለ፤ እናቱ ሳትሆን አትቀርም። ጽሑፉም እንደ ፎቶው ነው። ማዕከሉ፣ ባለሙያው፣ በጀቱ ሁሉ ገብተዋል፤ ከቤተሰቡ የገባው ክርኑ ብቻ ነው።

እስቲ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። የሁለት ዓመት ልጅ በቀን 12 ሰዓት ያህል ነቅቶ ይውላል ብንል በሳምንት 84 ሰዓት ይሆናል። ወረፋ ደርሶት፣ መጓጓዣ ተገኝቶለት፣ ጉንፋንም ሳይዘው ከመጣ እኔ ዘንድ የሚቆየው አንዲት ሰዓት ነው፤ የእሷም ሩብ በለቅሶ ያልቃል። 83ቱን ሰዓት የሚያጥበው፣ የሚያለብሰው፣ የሚያበላው፣ የሚያባብለው ሌላ ሰው ነው። ልጅ በአንዲቱ ሰዓት ሊለወጥ አይችልም። ከተለወጠ የሚለወጠው በ83ቱ ውስጥ ነው።

ይህን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ሥራ ስጀምር ልጁን ከእናቱ እቅፍ እቀበልና እናትየው ግድግዳው ሥር ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ እኔ ፍራሹ ላይ «ስፖርቱን» አሠራዋለሁ። (ቤተሰቦች እንዲህ ነው የሚጠሩት፤ እኔም ለምጄዋለሁ።) ስንጨርስ ሥዕል ያለበት ወረቀት እሰጣታለሁ፤ 12 ዓይነት እንቅስቃሴ፣ እያንዳንዱ 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ጊዜ። በሳምንቱ ስትመለስ «ሠራሽለት?» እላለሁ። አልሠራሁም ያለችኝን እቆጣለሁ። ያቺ ሴት ሌሎች ልጆች ይኑሯት፣ ሥራ ይኑራት፣ ሌሊት ትተኛ አትተኛ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አንዲት እናት ግን አልረሳትም። ልጇ ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት ምክንያት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለበት የ14 ወር ሕፃን ነው። «ሁሉንም ሠርቼለታለሁ፣ ዶክተር» አለችኝ። (ዶክተር አይደለሁም፤ ማረሙ ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ።) ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሁሉንም ሠርቼለታለሁ፤ ግን አሁን እጄን ስዘረጋለት ያለቅሳል» አለችኝ።

የእናቱ እጅ ማለት ለዚያ ሕፃን መጎተትና መታሸት ሆኗል ማለት ነው። ያንን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ በዚያች ወረቀት።

ወረቀቱን ተቀብያት ኪሴ ከተትኩና «እስቲ ጠዋት ከምትነሱበት ጀምሮ ቀናችሁ እንዴት እንደሚውል ንገሪኝ» አልኳት። ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው እንጂ አስቤበት አልነበረም። ሮቢን ማክዊሊያም የሚባል የዘርፉ ተመራማሪ ይህንኑ ጥያቄ ሥርዓት አስይዞ ራሱን የቻለ የቃለ መጠይቅ ዘዴ እንዳደረገው የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። እሷ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ አወራችኝ። ከሁሉ የሚከብዳት ዳይፐር መቀየር ነበር። እግሮቹ እንደ መቀስ ይቆላለፋሉ፤ ቁርጭምጭሚቱን ይዛ ልትከፍታቸው ስትታገል ይብስ ይገተራሉ፤ እሱም ያለቅሳል፣ እሷም ታለቅሳለች። በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ።

ስለዚህ ከዳይፐሩ ጀመርን። ቁርጭምጭሚቱን አትያዢ፤ መጀመሪያ ጉልበቶቹን ወደ ሆዱ እጠፊና ዳሌውን ቀስ አድርገሽ ወዲያና ወዲህ አወዛውዢው፤ መገተሩ ሲላላ ከጉልበቱ በላይ ይዘሽ ክፈቺው። እየሠራሽ አናግሪው፣ ዓይኑን እዪው። ስትሸከሚው ደግሞ እግሮቹን ከፍቶ ወገብሽ ላይ ይቀመጥ። ስታበይው አንገቱ ወደ ኋላ አይጣል፤ ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ አገጩም ትንሽ ወደ ደረቱ ይቅረብ። ከወረቀቱ 12 እንቅስቃሴዎች ውስጥ ግማሹ ያለ ስማቸው እዚህ ውስጥ ገብተዋል፤ «ስፖርት» የሚባል ሰዓት ግን ቀረ። በሦስተኛው ሳምንት ሲመጡ ልጁ እቅፏ ላይ ሆኖ አፍንጫዋን ይይዝ ነበር።

በሙያችን ይህ አሠራር «ቤተሰብ ተኮር ቅድመ ጣልቃ ገብነት» ይባላል። ስሙ ሲጠሩት ያስፈራል፤ ጣልቃ ገብነት የሚለውንም አልወደውም። ነገሩ ግን እኔ ከዳይፐር የደረስኩበት ተራ ግኝት ብቻ አይደለም፤ ሌሎች በአግባቡ ለክተውታል። በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 ሳሊ ግራንታም-ማግሬጎር ከባልደረቦቿ ጋር በምግብ እጥረት የቀነጨሩ፣ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር የሆነ 129 ሕፃናትን ይዛ ጥናት ጀመረች። ከቤተሰቦቹ ለከፊሎቹ የሰፈር ጤና ሠራተኞች በሳምንት አንድ ሰዓት ቤታቸው ድረስ እየሄዱ፣ ከተጣለ ዕቃ በተሠሩ መጫወቻዎች ከልጃቸው ጋር እንዴት እንደሚጫወቱና እንዴት እንደሚያወሩ እናቶቹን ያሳዩአቸው ነበር። ይህ ለሁለት ዓመት ቀጠለ። ልጆቹ አድገው ሥራ ከያዙ በኋላ፣ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እነዚያ የተጎበኙት ካልተጎበኙት 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ያገኙ ነበር። ተጨማሪ ምግብ ብቻ በተሰጣቸው ላይ ይህ ልዩነት አልታየም። እንግዲህ የጎብኚዋም ሰዓት እንደ እኔው በሳምንት አንዲት ነበረች። ልዩነቱ ያቺን ሰዓት ያዋለችው እናትየውን በማስተማር ላይ መሆኑ ነው፤ ቀሪው ሳምንት የተሸፈነው በዚያ ነው።

ተቃራኒውን ደግሞ የሩማንያ ዋና ከተማ ቡካሬስት አሳይታናለች። በሩማንያ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ልጆቹ ይበሉ ነበር፣ ይለብሱ ነበር፣ ጣሪያም ነበራቸው። ያልነበራቸው ሲያለቅሱ ዘወትር የሚመጣ አንድ ሰው ነው፤ ተንከባካቢው በየፈረቃው ይቀያየራል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ተመራማሪዎቹ ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስ እና ቻርልስ ዜና 136 ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን አሳዳጊ ቤተሰብ ዘንድ አስገቡ። ቤተሰብ ያገኙት፣ በተለይም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት፣ ከሰው ጋር በመቆራኘትም ሆነ በአንጎላቸው እንቅስቃሴ ከቀሩት ተሻሉ። የተሰጣቸው መድኃኒት አልነበረም። ሕፃኑ «እ» ሲል «እ» ብሎ የሚመልስ ሰው ነው የተሰጣቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንጎል ውስጥ በየሰከንዱ ከ1 ሚሊዮን በላይ አዳዲስ ትስስሮች ይፈጠራሉ ይባላል፤ የትኛው ይጠንክር የትኛው ይክሰም የሚለውን ከሚወስኑት ዋነኛው ይህ የቤት ውስጥ ምልልስ ነው።

ዘገባችሁ «ወላጆች ልጆቻቸውን ዘግይተው ያመጣሉ» ብሎ የወቀሰበት ቦታም አለ። እውነት ነው፣ ዘግይተው ይመጣሉ። ግን ለምን? እናት ቀድማ ታውቃለች። የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ በልቧ ይዛ ትቆይና ስትናገር «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» ትባላለች። አያት ትላታለች፣ ጎረቤት ይላታል፤ እጅግ የሚያሳዝነው፣ ነጭ ጋዋን የለበሰም ይላታል። በእርግጥ ልጆች ይለያያሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት ጤናማ ልጆች ሳይደገፉ መራመድ የሚጀምሩት ከ8 ወር አንስቶ እስከ 17 ወር ተኩል ባለው ጊዜ ነው፤ ሰፊ ክፍተት ነው። ስለዚህ በ13 ወሩ ያልሄደ ልጅ አያስደነግጠኝም። በ18 ወሩ ካልሄደ ግን ይታይ። በዓመቱ «ባባ፣ ዳዳ» ማለት ያልጀመረ፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል ማገጣጠም ያልቻለ ልጅ ይታይ። ይናገራቸው የነበሩትን ቃላት የተወ ልጅ፣ ዕድሜው ምንም ይሁን፣ ዛሬውኑ ይታይ።

አንድ ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። ገና ዓመት ሳይሞላው ሁልጊዜ በአንድ እጁ ብቻ የሚያነሳ ሕፃን «ግራኝ ነው» ወይም «ቀኝ እጁን ቀድሞ ለየ» ተብሎ ይሳቅለታል። በዚያ ዕድሜ እጅ መለየት የለበትም። ሌላው እጅ ደካማ ስለሆነ ሊሆን ይችላልና ባለሙያ ይየው።

የመስማት ነገር ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። የዘርፉ መመሪያ ሕፃኑ በ1 ወሩ ጆሮው እንዲመረመር፣ ችግር ካለ በ3 ወሩ እንዲረጋገጥ፣ በ6 ወሩ ድጋፍ እንዲጀምር ይላል። የምልክት ቋንቋም ይሁን የመስሚያ መሣሪያ፣ ያን ጊዜ ከተጀመረ ቋንቋ በቤቱ ውስጥ ይደርስለታል። የማይሰማ ልጅ ብዙውን ጊዜ እምቢተኛ ይባላል፤ ጠርተውት ዞር ስለማይል።

አሁን የምፈራውን ልናገር። ቤተሰብ ቤተሰብ ስል ማዕከል መክፈት የማይፈልጉ ሰዎች ጆሯቸውን ያቆማሉ። «ታዲያ እናቶቹ ይሥሩታ!» ማለት ይቀላቸዋል፤ ርካሽ ነውና። እኔ ያልኩት ይህን አይደለም። የባለሙያን ሸክም እናት ጀርባ ላይ መጫን ያው የእኔ የድሮ ወረቀት ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የተለወጠው። ቤተሰብ ተኮር ማለት ግቡን የሚመርጠው ቤተሰቡ ነው ማለት ነው። ካርል ደንስት እና ካሮል ትሪቬት ባደረጓቸው ጥናቶች የሚለዩት ነገር አለ፤ ለቤተሰብ ደግና ትሑት መሆን አንድ ነው፣ ውሳኔውን ለቤተሰቡ መስጠት ሌላ ነው። እኔ ለዓመታት ደግ ነበርኩ፤ ውሳኔውን ግን አልሰጠሁም። አንድ አባት ልጁ ቁጭ ማለት መቻሉን ትቶ «ከእህቱ ጋር መሬት ላይ እንዲጫወት ነው የምፈልገው» ሲለኝ ግቡ ትንሽ መስሎኝ ተከራክሬዋለሁ። ከእህቱ ጋር መሬት ላይ መጫወት የሚቻለው ግን ቁጭ ሲባል ነው። ልጁም የተቀመጠው ለእህቱ ብሎ ነው፤ ለእኔ ብሎ አልነበረም።

የዚያ አባት መምጣት ራሱ ዕድል ነው። ቀጠሮ የምንሰጠው በሥራ ሰዓት ነው፤ ከዚያ «አባቶች ግድ የላቸውም» እንላለን። ልጁን ቀኑን ሙሉ የምትይዘው አያት ከሆነች ደግሞ መምጣት ያለባት እሷ ናት። በየቀጠሮው «እናት የት አለች?» እያልን እናሳፍራታለን።

ሕግም ቢሆን ይህን ያውቀዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣችው ሕግ ከልደት እስከ 3 ዓመት ላሉ ልጆች የሚዘጋጀው ሰነድ ስሙ ራሱ «የቤተሰብ አገልግሎት ዕቅድ» ነው፤ በየ6 ወሩም ከቤተሰቡ ጋር ይከለሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 23 መረጃም፣ አገልግሎትም፣ ድጋፍም በጊዜ ለልጁ «እና ለቤተሰቡ» እንዲደርስ መንግሥታትን ያስገድዳል። ዘገባችሁ ስምምነቱን ጠቅሶ ይህችን ቃል ዘሏታል።

ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ግን የዘገባው የመጨረሻ አንቀጽ ነው። «ከ3 ዓመት በኋላ በሩ ይዘጋል» ብላችኋል። ይህ ስሕተት ነው። እንደ መስማትና እንደ ማየት ባሉ ነገሮች የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተወዳዳሪ የላቸውም፤ ቀድሞ መጀመርም ሁልጊዜ ይሻላል። ነገር ግን አንጎል በሦስተኛው የልደት ቀን ሥራውን አያቆምም፤ ቤተሰብም አያቆምም። በ5 እና በ6 ዓመታቸው ጀምረው ብዙ የተለወጡ ልጆችን በእጄ ይዣለሁ።

ማክሰኞ ዕለት አንዲት የ4 ዓመት ልጅ እናት ጋዜጣችሁን አጣጥፋ በቦርሳዋ ይዛ መጣች። የመጨረሻውን አንቀጽ አስምራበታለች። «አለቀ ማለት ነው?» አለችኝ። አላለቀም ብዬ ቀኗ እንዴት እንደሚውል ጠየቅኋት። ልጅቷን ጫማ ማድረግ እንደሚያስቸግራት ነገረችኝ፤ በሚመጣው ሳምንት ከጫማው እንጀምራለን። እናንተ ደግሞ ማረሚያውን በዚያው ገጽ፣ በዚያው መጠን ፊደል እንድታወጡልኝ እጠይቃለሁ። እንደ እሷ አስምረው እቤታቸው የተቀመጡ ብዙ ይኖራሉ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የሕፃናት ፊዚዮቴራፒስት